ከአዲስ አበባ ደሴ በኮንትራት ሚኒባስ፦ ለድሮ ጓደኞች ጉዞ ይሆናል?

በቀጥታ ወደ ነገሩ ልግባ። ከድሮ ጓደኞቻችሁ ጋር ረጅም መንገድ ለመሄድ ካሰባችሁ ከነሹፌሩ በኮንትራት የሚያዝ ሚኒባስ ያዙ። እኛ ከአዲስ አበባ ደሴ የመጣንበት መኪና የደሴ ነው። ባለቤቱም ሹፌሩም አንድ ሰው ናቸው። ቢሮ የላቸውም፣ ማስታወቂያ አያወጡም፣ ስልካቸው ከሰው ወደ ሰው ነው የሚዞረው፤ እኔም ኮምቦልቻ አብሮኝ ከሚሠራ ሰው ነው የተቀበልኩት። ሳላስፈቅድ ስማቸውን እዚህ አልጽፍም። ግን እንዲህ ዓይነት መኪና ደሴም ኮምቦልቻም ሞልቷል፣ ስለዚህ ምኑ ጥሩ እንደነበር፣ ምኑ መስተካከል እንዳለበት፣ እናንተም ስትይዙ ምን መጠየቅ እንደሚገባችሁ ልንገራችሁ።

ወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት አብረን የተማርን አምስት የደሴ ልጆች ነን። ከተበታተንን ሃያ ዓመት አልፎናል። አንዱ አዲስ አበባ ባንክ ይሠራል፣ አንዷ ሐዋሳ ነርስ ናት፣ አንዷ ደብረ ብርሃን ታስተምራለች፣ አንዱ ጅዳ ብዙ ዓመት ቆይቶ በቅርቡ ነው የተመለሰው። እኔ ኮምቦልቻ ነኝ። የቴሌግራም ግሩፕ አለን፣ ግን ግሩፑ ውስጥ ለዓመታት የተጻፈውን ወደ ላይ ብትስቡት "እንኳን አደረሳችሁ" እና "ነፍስ ይማር" ብቻ ነው የምታገኙት። ስለዚህ አዲስ አበባ ተገናኝተን በመኪና አብረን ደሴ እንግባ ተባባልን።

መጀመሪያ በአውሮፕላን ያለ ሰው ነበር። ኮምቦልቻ አየር ማረፊያ አለ፣ በረራው አንድ ሰዓት አይሞላም። ለሥራ ከሆነ እኔም እመርጠዋለሁ። ግን ሃያ ዓመት ያልተገናኘ ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ ምን ያወራል? ቀበቶ አስረህ፣ ውሃ ጠጥተህ፣ ወረድክ። ትልቅ አውቶቡስም አሰብን፤ እሱ ደግሞ ወንበር በቁጥር ነው፣ አንዳችን ፊት አንዳችን መጨረሻ ወንበር እንወድቃለን፣ ቴሌቪዥኑ ይጮኻል፣ ምሳ የሚቆመውም መኪናው በፈለገበት እንጂ እናንተ በፈለጋችሁበት አይደለም። በራሳችን መኪና እንዳንሄድ ደግሞ የሚነዳው ሰው ሙሉ ቀን ዓይኑ መንገድ ላይ ስለሆነ ከጨዋታው ይቀራል። ኮንትራቱ ሁሉንም መለሰልን።

ዋጋን በተመለከተ፣ ስትዋዋሉ መጀመሪያ ጠይቁ፦ ነዳጅ በማን ነው? በቀን ኪራይ ተቆርጦ ነዳጁን እናንተ የምትሞሉበት አለ፣ ከነነዳጁ በአንድ ዋጋ የሚያልቅም አለ። ለረጅም መንገድ ከነነዳጁ ተነጋገሩ፣ አለበለዚያ በየማደያው ቦርሳ እያወጣችሁ ሒሳብ ስታሰሉ ነው የምትውሉት። ሁለተኛ የሹፌር አበልና ማደሪያ በማን እንደሆነ ይታወቅ። ሦስተኛ የባዶው መንገድ። መኪናው ከደሴ ወጥቶ አዲስ አበባ ድረስ ባዶውን ስለሚሄድ እሱም ይታሰባል። እኔ ከኮምቦልቻ አብሬያቸው ስለወረድኩ ይሆናል፣ ለእኛ ግማሹን ብቻ አሰቡልን። ለአምስት ስንካፈለው ከአውቶቡስ ትኬት በደንብ ይበልጣል፣ ይህን አልደብቅም። ሰሌዳው ኮድ 3 (የንግድ) መሆኑን፣ ቦሎው ያልተቃጠለ መሆኑን፣ ሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ መኖሩን ከመሳፈራችሁ በፊት እዩ። ጋሼ ሳንጠይቃቸው ነው አውጥተው ያሳዩን።

ሹፌሩን ጋሼ ነው የምንላቸው። ሃምሳዎቹን ያጋመሱ፣ ዝግ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። መኪናው አዲስ አይደለም ግን ንጹሕ ነው። ከሹፌሩ ጀርባ ሞተሩ ላይ ፊትን ወደ ኋላ አዙሮ የሚቀመጡበት ወንበር አለ። ከተማ ውስጥ ማንም የማይወደው ወንበር ነው፣ ለእኛ ግን ከሁሉም የጠቀመን እሱ ሆነ። እዚያ የተቀመጠ ሰው የሁሉንም ፊት ያያል፣ የሚያወራውም ለሁሉም ይሰማል። እየተፈራረቅን ተቀመጥንበት። ሁሉም ፊቱን ወደ ፊት አድርጎ ከተቀመጠ ጨዋታ ሁለት ሁለት ሆኖ ይከፋፈላል፣ የኋላው ወንበር ደግሞ ይተኛል።

ንጋት 11 ሰዓት ላይ ነው ከአዲስ አበባ የወጣነው። ከዚያ በፊት ማታውኑ ጋሼ ለመንገድ ጓደኞቻቸው ደውለው መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠይቀዋል። በዚህ መስመር ይህን ሳያደርግ የሚወጣ ሹፌር አትያዙ። ገና ለገጣፎን ሳንጨርስ ደግሞ በመስታወት እያዩን "ዘፈን ይሁን ወይስ ጨዋታ?" አሉ። ጨዋታ አልን። ቴፑን ዘጉትና እስከ ደብረ ብርሃን ድረስ አልነኩትም።

እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያዎቹ 130 ኪሎ ሜትሮች ከባድ ነበሩ። ሁሉም ስልኩን ይነካካል። ስለ ልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ደመወዝ አወራን፣ ከማንም ጋር የምናወራውን ወሬ ማለት ነው። ደብረ ብርሃን ላይ መምህሯ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ድፎ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልላ፣ ፔርሙስ ሙሉ ሻይ ይዛ መንገድ ዳር ቆማ ስትጠብቀን ነው ነገሩ የተቀየረው። ብርዱ አጥንት ይገባል። ሁላችንም ወረድን፣ ተቃቀፍን፣ ቁርስ ቤት ከመግባት እዚያው መኪናው ውስጥ ዳቦውን ቆረስነው። የመጀመሪያውን ቁራሽ ለጋሼ ሰጠች። እሳቸውም ተቀብለው መረቁን፣ እኛም አሜን አልን።

ከዚያ ጣርማ በር። ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ቦታ ነው፣ ጉም ካልሸፈነው ቁልቁል ያለው ቆላ ወለል ብሎ ይታያል። ጣሊያን በወረራው ዘመን ያስቆፈረውን ዋሻ አልፋችሁ ወደ ደብረ ሲና ስትወርዱ መንገዱ ይጠማዘዛል፣ አንዱን ዙር ሳትጨርሱ ሌላው ይመጣል። ሹፌር የሚለየው እዚህ ነው። ጋሼ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ማርሽ ቀነሱና መኪናውን በሞተር ያዙት፣ ፍሬን የሚነኩት መታጠፊያው ላይ ብቻ ነበር። ለምን ብላ ነርሷ ጠየቀቻቸው። "ፍሬን ከጋለ አይዝም ልጄ፣ እኔ የምፈልገው ታች ስደርስ ነው" አሏት። ከፊታችን የሚወርደው የጭነት መኪና የተቃጠለ ፍሬን ሽታ በመስኮት ይገባ ነበር። ራቅ ብለው ተከተሉት እንጂ ለመቅደም አልሞከሩም። ከጣርማ በር እስከ ሸዋ ሮቢት ከፍታው ከ1500 ሜትር በላይ ስለሚወርድ ጆሮ ይደፍናል፣ ጃኬት ይወልቃል፣ መስኮት ይከፈታል። ሲፈጥኑ ያመናል የምትሉ ካላችሁ በዚህ አነዳድ ማንም አላመመውም።

ደብረ ሲና ቆሎ ገዛን፣ ያለ ቆሎ ደብረ ሲናን ያለፈ ሰው አላውቅም። ሸዋ ሮቢት ፓፓያና ማንጎ። በየቦታው "ጋሼ ይቁሙልን" ስንል ይቆማሉ፣ ፊታቸው አይቀየርም። ካራቆሬ ስንደርስ ደግሞ ራሳቸው ጀመሩ። በ1953 ዓ.ም. እዚህ አካባቢ ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ ተነስቶ ማጀቴ መፍረሷን ከአባታቸው የሰሙትን አወሩልን። ሃያ ዓመት ሙሉ በዚህ መንገድ ስንመላለስ ይህን የሚያውቅ ከመካከላችን አልነበረም። መምህሯ ማስታወሻ አውጥታ ጻፈችው፣ ለተማሪዎቿ ልትነግራቸው።

አሁን ስለ ጎማው። ከሚሴ ልንገባ ስንል የኋላ ጎማ ተነፈሰ። ይህ ማንንም ያጋጥማል። ግን ስኮርታው፣ መጠባበቂያው ጎማ ማለት ነው፣ ሲወርድ እሱም አየር የለውም! ይህ ግልጽ ጥፋት ነው። ወደ 400 ኪሎ ሜትር መንገድ ሲወጣ ስኮርታ ይታያል፣ ክሪክ ይታያል፣ ይህ የመጀመሪያ ነገር ነው። ከሚሴ ቆላ ነው፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ጋሼ ባጃጅ አስቁመው ሁለቱንም ጎማ ጭነው ወደ ጎሚስታ ሄዱ። እኛ አንዲት እናት ቡና የሚሸጡበት ዳስ ውስጥ ገባን።

እዚያ የሆነውን መጻፍ አለብኝ፣ ምክንያቱም ስለ አገልግሎቱ የምሰጠው ፍርድ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው።

የባንኩ ጓደኛችንና ከጅዳ የመጣው ተቀያይመው ነበር። ልጅ እያሉ አንድ ሰፈር፣ አንድ ወንበር። የባንኩ ጓደኛችን እናት ያረፉ ጊዜ የጅዳው ልጅ ስልክ እንኳ አልደወለም። ለእኛ አገር ሰው ለቅሶ አለመድረስ ቀላል ነገር አይደለም። ጠዋት ከተነሳን ጀምሮ አንዱ ጋቢና ሲቀመጥ ሌላው መጨረሻ ወንበር ይሄዳል፣ ሰላምታቸውም ከአንገት በላይ ነበር። ሁላችንም አይተናል፣ ማናችንም አልተነፈስንም።

ሁለተኛው ቡና ሲቀዳ የጅዳው ልጅ ሲኒውን አስቀመጠና "ስለ እማማ ልነግርህ የምፈልገው ነገር አለ" አለው። ያን ጊዜ ኢቃማው፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ አልቆበት ተደብቆ ነበር የሚኖረው። መሞታቸውን የሰማው ከወራት በኋላ ነው፣ ከዚያ ደግሞ "አሁን ደውዬ ምን እለዋለሁ" እያለ አፈረ፣ ዓመት አለፈ፣ ሌላም ዓመት አለፈ። "ለፋሲካ ለእኔ ብቻ ዶሮ ትለይልኝ ነበር፣ ሼሁ እንዲያርዱልኝ በእጇ ይዛ ትሄድ ነበር፣ ድስቱም የእኔ ብቻ ነበር" አለ። ወሎ ውስጥ ያደገ ሰው ይህን ያውቀዋል። የፋሲካ ዕለት የሙስሊሙ ልጅ ድስት ለብቻው ይጣዳል፣ በኢድ ደግሞ የክርስቲያኑ። የባንኩ ጓደኛችን ብዙ ሳይናገር "ድስቱ አሁንም አለ፣ እህቴ ቤት ነው" አለው። ከዚያ ሁለቱም አለቀሱ። ቡና የሚያፈሉት እናት ነገሩ ሲገባቸው ከሰሉን ትተው እጃቸውን ዘረጉ፣ የጅዳው ልጅ ዱዓ አደረገ፣ ሁላችንም አሚን አልን። ለቅሶው ስንት ዓመት ዘግይቶ ከሚሴ ተደረሰ።

ወደ ጋሼ ልመለስ። ጎማውን ይዘው መጥተው፣ ገጥመው፣ እጃቸውን ታጥበው ጨርሰው ነበር። ከዳሱ ውጭ ጥላው ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። አልጠሩንም። ሞተር አላስነሱም፣ ጡሩንባ አልነፉም። ቀኑ እየመሸባቸው መሆኑን ያውቃሉ፣ ለእሳቸው ጊዜ ገንዘብ ነው፣ ሆኖም ራሳችን ተነስተን እስክንወጣ ጠበቁን። ከወጣን በኋላም ምን ሆናችሁ ብለው አልጠየቁም፣ "አብሽሩ፣ እንሂድ?" ብቻ ነው ያሉት። ይህን ለሹፌር ማንም አያስተምረውም፣ በክፍያም አይገዛም። እኔ ይህን አገልግሎት ለሰው እንድናገር ያደረገኝ ይህ ነው።

ከዚያ በኋላ ሁለቱ አንድ ወንበር ላይ ተቀመጡ። እስከ ኮምቦልቻ ድረስ ለሌላ ሰው ተራ አልሰጡም። ሐርቡን ስናልፍ ጋሼ ቴፑን ቀስ አድርገው ከፈቱት፣ አምባሰል ነበር፣ መምህሯ ማንጎራጎር ጀመረች።

ኮምቦልቻ ስንደርስ መሽቶ ነበር። ደሴ 25 ኪሎ ሜትር አትሞላም፣ ግን በመካከል ሐረጎ አለ። ከኮምቦልቻ ደሴ ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ነው፣ መንገዱ በገደል ዳር ይጠማዘዛል፣ ሲመሽ ደግሞ ጉም ይወርዳል። ጋሼ "በጉም አላወጣችሁም፣ እዚህ እንደር፣ የጎማው ጣጣ የእኔ ስለሆነ የዛሬውን አዳር አልቆጥርባችሁም" አሉ። የባንኩ ሰው ትንሽ አጉረመረመ፣ ደሴ እህቱ እራት ሠርታ ትጠብቅ ነበር። ደውሎ ነገራት። እኔ ግን በጣም ነው ያከበርኳቸው። ጥፋታቸውን አምነው ዋጋውን ራሳቸው ቻሉ፣ ደንበኛ እንዳይከፋው ብለው ደግሞ ሐረጎን በጨለማ አልወጡም። ጓደኞቼ እኔ ቤት አደሩ፣ ፍራሽ መሬት ላይ ተነጥፎ እስከ ሌሊት ድረስ ተወራ።

ጠዋት ሐረጎን ስንወጣ መሃል ላይ አቆሙልንና ኮምቦልቻን ከላይ አየናት። የጅዳው ልጅ የሚያውቃት ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅና ቢራ ፋብሪካ ያላት ትንሽ ከተማ ነበረች። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ ሼዶችና ከአዋሽ የሚመጣው የባቡር ሐዲድ ለእሱ አዲስ ናቸው። የቦርከናን ወንዝ ብቻ ነው ወዲያው የለየው።

ደሴ ውስጥ ስላለው አገልግሎት አጭር ልበል። የደሴን አቀበትና ጠባብ መንገድ የሚያውቅ ሹፌር ካልሆነ ሚኒባስ ያስቸግራል፣ ጋሼ ግን የት እንደሚቆም፣ ሰኞ ገበያ በገበያ ቀን በየት እንደሚታለፍ ያውቃሉ። ወይዘሮ ስሂን ወሰዱን። ትምህርት ቤቱ የተሰየመላቸው ወይዘሮ ስሂን የንጉሥ ሚካኤል ልጅና የእቴጌ መነን እናት ናቸው፤ ዛሬ ግቢው ውስጥ ኮሌጅ ነው ያለው። የድሮ ክፍላችንን በመስኮት አየን፣ በሩ ላይ ፎቶ ተነሳን፣ የጦሳ ተራራ ከኋላችን ጉም ለብሶ። በማግስቱ ሐይቅ ሄድን፣ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ውስጥ ሴት አይገባም፣ ከእኛ ደግሞ ሴቶች አሉ። ጋሼ ይህን ከመነሳታችን በፊት ነው የነገሩን፣ ስለዚህ ማንም በር ላይ ደርሶ አልተመለሰም። ሐይቁ ዳር ተቀምጠን አሳ በላን፣ ሁላችንም አንድ ላይ።

የሚስተካከለው ደግሞ አለ። ስለ ስኮርታው ተናግሬያለሁ፣ ለእኔ ትልቁ ጉድለት እሱ ነው፣ ለእሳቸውም ፊት ለፊት ነገርኳቸው፣ ተቀብለውኛል። ኤሲው አይሠራም፤ ደብረ ብርሃን ላይ አያስፈልግም፣ ከሸዋ ሮቢት እስከ ሐርቡ ግን ይናፍቃል። የመጨረሻው ወንበር ለረጅም ሰው ጉልበት አይበቃም፣ የባንኩ ሰው ሲወርድ እግሩን እያሻሸ ነበር። ሻንጣ የሚታሰረው ፖርቶመጋላ ላይ ነው፣ ሸራ አላቸው ግን አንድ ጥግ ተቀዷል፣ ክረምት ላይ ከሄዳችሁ ልብሳችሁን በላስቲክ ጠቅልሉ። ባንክ ማስተላለፍ ይቀበላሉ፣ ደረሰኝ ግን የላቸውም፣ ስለዚህ የመሥሪያ ቤት ጉዞ ለማወራረድ የምትፈልጉ ሌላ ፈልጉ።

ለቸኮለ ሰውም አይሆንም። እሳቸው ቀስ ብለው ነው የሚነዱት፣ ሌሎች ሚኒባሶች እያለፉን ሄደዋል። ሁለት ብቻ ለሆነ ሰው ዋጋው አያዋጣም። አራት አምስት ሆናችሁ፣ የምታወሩት የተጠራቀመ ነገር ካላችሁ ግን ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ለበዓል ሰሞን ከሆነ ቀደም ብላችሁ ተናገሩ፣ ለገና፣ ለጥምቀት፣ ለመውሊድ የደሴ መኪና ሁሉ ይያዛል። ስትደውሉም የሹፌሩን አነጋገር አድምጡ፤ ስለ መንገዱ ስትጠይቁት የሚቆጣ ከሆነ መንገድ ላይ ቁሙልን ስትሉት ምን እንደሚሆን ከወዲሁ ይታወቃል።

እኛ ቀጣዩን ጉዞ በወልዲያ በኩል ላሊበላ አድርገነዋል። ጋሼ መንገዱን ጠይቀው ሊነግሩን ነው፣ ስኮርታውንም አዲስ እንደሚገዙ ነግረውኛል።